ሳይከፈት የሚሰጥ ፖስታ

ከማንቸስተር በስተ ደቡብ፣ በሸክላ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በበርስለም ከተማ፣ ቅዳሜ ጠዋት የአጃ ቂጣ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ የማይታይበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። በዚያ በጥቅምት ቅዳሜም ዝናቡ እያካፋ ሰልፉ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ደርሶ ነበር። ኔቪል ብሉር ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ያለውን ትልቅ ፖስታ እንዳይረጥብ በክንዱ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ሐሳቡ ቂጣውን ገዝቶ፣ ፖስታውን ከሣጥኑ ከትቶ ወደ ቤቱ መሄድ ነበር። የፖስታ መኪናው ደብዳቤ የሚሰበስበው ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ገና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነበረው።

ኔቪል ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ በሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሳህንና ስኒ የተደረደረበትን ጋሪ ወደ ምድጃ ሲያስገባና ሲያወጣ ኖሯል። በሰው ነገር የማይገባ፣ የራሱንም ነገር ለሰው የማያወራ ሰው ነው። «እንደምን ነህ?» ሲሉት «አልሞትኩም» ብሎ መመለስ ልማዱ ነበር፤ ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ ግን ይህን መልስ ትቶታል። ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ሐኪም የሳንባውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ እብጠቱን በጣቱ እያሳየ፣ ሁለት ገና ካየ ዕድለኛ እንደሆነ ነግሮት ነበር።

ይህን የሚያውቁት ሐኪሙና ኔቪል ብቻ ነበሩ። ዌንዲ አታውቅም። ዌንዲ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። ሁለቱ በሕግ አልተጋቡም። የሕግ ሚስቱ ግሌኒስ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ጥላው ወደ ዌልስ ሄዳለች፤ ፍቺውን ግን እሷም እሱም «በኋላ እንጨርሰዋለን» ሲሉ ሳያስጽፉት ቀርተዋል።

በዚያ አገር ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በግል የጡረታ ኩባንያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሥራውን ሳያቆም እንኳ ማውጣት ይችላል። በኔቪል ኪስ ያለው ወረቀትም ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስጡኝ የሚል ማመልከቻ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳሰበ ለመረዳት የአባቱን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱ ዓርብ ዓርብ ከፋብሪካ ሲመለስ የደመወዙን ፖስታ እንደታሸገ ጠረጴዛ ላይ ያኖር ነበር፤ እናቱ ትከፍተዋለች፣ የቤቱን ትይዛለች፣ ለባሏ የቢራና የትምባሆውን ትመልስለታለች። በዚያ ሰፈር የወንድ ልጅ ክብር የሚለካው በዚህ ነበር፤ ፖስታውን መንገድ ላይ የከፈተ ሰው ስሙ እስኪቀበር ድረስ ይነሳበታል። ደመወዝ በባንክ መግባት ከጀመረ በኋላም ኔቪል ይህን ልማድ አልተወም። ዓርብ ከማሽን ያወጣል፣ ያሽጋል፣ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ዌንዲ ትስቅበታለች፤ ፖስታውን ግን በሁለት እጇ ነው የምትቀበለው።

እንግዲህ የዕድሜ ልክ ድካሙን በአንድ ፖስታ አሽጎ እጇ ላይ ሊያኖር አሰበ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሲብስ ራሱ ይታያል፤ እሱ አፉን አውጥቶ መናገር አይጠበቅበትም። ይህን ሰው ሞኝ ማለት ቀላል ነው፤ ግን ሞኝነት አልነበረም። የተማረው የፍቅር መንገድ ያ አንዱ ብቻ ስለነበር ነው።

«አጎቴ ኔቪል፣ ዛሬ ስንት ቂጣ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

ሻዚያ ነበረች። የጎረቤቱ የባለታክሲው የማክሱድ ልጅ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥላ ከዌንዲ ብስኩት ስትለምን ያደገች፣ ኋላም ማንቸስተር ሄዳ ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። አሁን በከተማው አዳራሽ ውስጥ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ስለ ጡረታ በነፃ በሚመክር አንድ ቢሮ ትሠራለች።

«ስድስት፣ ዳክዬ» አላት። በዚያ ከተማ ሰው የሚወደውንም የማያውቀውንም ሰው ዳክዬ ብሎ ነው የሚጠራው። «አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ተምረሽ እንደኛው ዝናብ ላይ ትሰለፊያለሽ?»

«ሰልፍ የማያሰልፍ ትምህርት ሲመጣ እመዘገባለሁ» አለችው።

ተራቸው እስኪደርስ ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ዌንዲ፣ ስለ ከተማው የእግር ኳስ ቡድን ሽንፈት ተጨዋወቱ። ኔቪል ከሁሉ በኋላ እንደ ዋዛ አድርጎ ገና ያላሸገውን ፖስታ አወጣና፣ የተማረች ስለሆነች አንድ ነገር እንድትነግረው፣ ፊርማው በጥቁር ይሁን በሰማያዊ ቀለም እንድታረጋግጥለት ጠየቃት። ሻዚያ ወረቀቱን ገና ስታየው ዐወቀችው። በየቀኑ እንዲህ ያለ ወረቀት በጠረጴዛዋ ላይ ያልፋል። ቂጣቸውን ተቀብለው ሲወጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ለመነችው፤ እሱም ዝናቡ ስላባራና እምቢ የሚልበት ምክንያት ስላጣ ተቀመጠ።

«ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወጡት?» አለችው።

«ሁሉንም።»

«ለምን እንደሆነ ብጠይቅዎ ቅር ይልዎታል?»

«ቅር አይለኝም። አልመልስልሽም እንጂ።»

ሻዚያ ፈገግ ብላ ተወችው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት መጋፈጥ እንደማያዋጣ ከአባቷ ተምራለች። ስለዚህ ስለ ምክንያቱ ትታ ስለ ገንዘቡ ጀመረች። ከተጠራቀመው ውስጥ ሩቡ ግብር እንደማይነካው፣ የቀረው ሦስት እጅ ግን በአንድ ጊዜ ከወጣ የዘንድሮ ደመወዝ ተደርጎ እንደሚቆጠር ነገረችው። ስልሳ አራት ሺህ ፓውንዱን ዛሬ ቢያወጣ አሥራ አምስት ሺህ ገደማው ለግብር ይሄዳል።

«መንግሥት እርስዎ ዘንድሮ በድንገት የበለጸጉ ይመስለዋል» አለችው።

«አርባ ዓመት ሙሉ ድህነቴን ያላየ መንግሥት፣ ሀብቴን ለማየት ይህን ያህል ዓይኑ ብሩህ ነው?»

«ለሀብት ሲሆን መነጽርም አያስፈልገው።»

ኔቪል ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ረዘመ። ቁጥሩ አስደንግጦታል፤ ያን ያህል ይሄዳል ብሎ አላሰበም። ቢሆንም ልቡ አልተመለሰም።

«ይውሰዱት» አለ። «የቀረው በእጅ ይገባል። ስሚ ልጄ፣ ኩባንያ ዘንድ ያለ ገንዘብ ለእኔ ወሬ ነው። ከቦዩ ማዶ የነበረው ፋብሪካ የተዘጋ ጊዜ አንቺ አልተወለድሽም። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰዎች ‹ጡረታችሁ የለም› ተባሉ። በደብዳቤ ነው የተነገራቸው፣ ያውም ‹ክቡራን› ብሎ በሚጀምር ደብዳቤ። እኔ ከዚያ ወዲህ በእጄ ያልጨበጥኩትን ነገር አለኝ አልልም።»

«እውነትዎን ነው፤ ግፍ ነበር። ግን ያ የፋብሪካው ሣጥን ነበር፤ ፋብሪካው ሲወድቅ አብሮት ወደቀ። የእርስዎ በራስዎ ስም ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ ፋብሪካዎ ነገ ቢዘጋ አይነካውም። ይህን የምልዎት ስለተማርኩ አይደለም፤ ዓመታዊ መግለጫው በየዓመቱ ቤትዎ ይመጣል። አንብበውት አያውቁም?»

ኔቪል መግለጫዎቹን ሳይከፍት በመሳቢያ እንደሚከትታቸው አልነገራትም። ያልተከፈተ ፖስታ ለእሱ የአክብሮት ምልክት ነበር፤ ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት እንደማይቻል ያውቀዋል።

«ደግሞስ» አለች ሻዚያ፣ «ዛሬ ይህን ሁሉ ካወጡት ሥራ ሲያቆሙ ምን ትበላላችሁ?»

መንገድ ማዶ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ለመዝጋት ስትታገል ኔቪል ይመለከት ነበር።

«ለማን ነው ገንዘቡ?»

«ለዌንዲ።»

«እሷ ጠየቀችዎ?»

«ዌንዲ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።»

ሻዚያ የያዘችውን ቂጣ ጭኗ ላይ አኖረች። ሳሉን፣ የሰፋበትን የኮቱን አንገትጌ፣ ሥራ ስለ ማቆም ሲነሳ ወደ ሌላ መመልከቱን አንድ ላይ አስተዋለች። ቢሮዋ ውስጥ ቢሆን እንዲህ ያለ ጥያቄ አትጠይቅም ነበር፤ አሁን ግን የጠየቀችው ባለሙያዋ ሳትሆን በአጥሩ ላይ ስትንጠላጠል የነበረችው ልጅ ናት።

«አጎቴ ኔቪል፣ ታመዋል?»

«ቂጣሽ ይቀዘቅዛል» አላት።

ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሱም ይህን ላለማየት ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ በጥቂት ቃል፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነገራት፤ ፎቶውን፣ እብጠቱን፣ ሁለቱን ገና። ለዌንዲ እንዳትናገርም በእናቷ ስም ሊያስምላት ፈለገ። ሻዚያ ግን አልማልም አለች።

«አባቴ ልቡን የታመመው በመጋቢት ነው፤ የሞተው በሐምሌ» አለችው። «አራት ወር ሙሉ ለማንም ሳይናገር ታክሲውን ነዳ። እናቴን እንዳያስጨንቃት ብሎ ነው፤ በእኛም ወገን ባህል ያው ነው፣ ወንድ ልጅ ሕመሙን ለሚስቱ አይነግርም። እናቴ የሰማችው በሆስፒታሉ ኮሪደር ነው፤ ታውቃለች ብሎ ያሰበ አንድ ወጣት ሐኪም እንደ ተራ ነገር ነገራት። እርስዎ ለቀብሩ መጥተው ነበር፤ እናቴን አይተዋታል። ሰው ሁሉ ባሏ ስለሞተ ታለቅሳለች ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ ግን አባቴ ሲነሳ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ‹ባዕድ አደረገኝ› ነው የምትለው።»

ማክሱድ ጥሩ ጎረቤት ነበር፤ በእነዚያ ወራት በሩ ላይ ቆመው ስንት ጊዜ ስለ አየሩ እንዳወሩ ኔቪልን ትዝ አለው። አንድም ቀን አልጠረጠረም።

«የእኔ ሌላ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ራሱም ሳያምንበት። «እኔ ባዶ እጇን አልተዋትም።»

«ባዶ እጇን የሚያስቀራት ይኸው ፖስታ ቢሆንስ?»

እዚህ ላይ የሻዚያ ድምፅ ተለወጠ፤ የቢሮዋን ድምፅ ይዛ ቀስ ብላ አስረዳችው። ገንዘቡ ከኩባንያው ወጥቶ ባንክ ሲገባ የኔቪል ንብረት ይሆናል። ማመልከቻው ታይቶ ገንዘቡ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ መካከል ሕመሙ ቢቸኩል፣ ኑዛዜ ስለሌለው፣ ሕጉ የሚያውቀው ያገባትን ሴት ነው። ዌንዲ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው መኖሯን ሕጉ አይቆጥርላትም። ሐኪሙ ከዓመት በታች ነው የቀረው ብሎ ቢጽፍለት ሁሉንም ያለ ግብር የሚያስወጣ ሌላ በር ነበር፤ ሐኪሙ ግን ያን አልጻፈም።

«ገንዘቡ እዚያው ኩባንያው ዘንድ ከቆየ ግን» አለችው፣ «እርስዎ ሲያልፉ ኩባንያው የሚመለከተው አንድ ወረቀት ነው። ለማን ይሰጥ ብለው የጻፉበትን። ስሟ እዚያ ካለ ሙሉው ይሰጣታል፤ ግብር አይነካውም፣ ጋብቻችሁን ማንም አይጠይቃትም። ያን ወረቀት የሞሉት መቼ ነው?»

«ጡረታውን ማጠራቀም የጀመርኩ ዕለት። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሰማንያ ሰባት ይመስለኛል።»

«በሰማንያ ሰባት ዌንዲን ያውቋት ነበር?»

ኔቪል ቂጣውን ከመጠቅለያው ጋር አጣጥፎ አስቀመጠው። በሰማንያ ሰባት ከእሱ ጋር የነበረችው ግሌኒስ ናት። የጻፈውም የግሌኒስን ስም ነው፤ በራሱ እጅ፣ በጥሩ አጻጻፍ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥ፣ ሃያ ሁለቱን ዓመት ዓርብ ዓርብ ለዌንዲ የታሸገ ፖስታ ሲያመጣ፣ ትልቁ ፖስታ የሌላ ሴት ስም ተጽፎበት ኖሯል። ሐኪሙ ፎቶውን ባሳየው ቀን እንኳ እንዲህ አልደነገጠም።

«አንድ ገጽ ነው» አለችው ሻዚያ፣ ፊቱን አይታ። «ሰኞ እንሞላዋለን፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኑዛዜም እናጽፋለን። የሚያስፈልጋችሁ ገንዘብ ካለ ሩቡን ብቻ ያውጡ፤ ያ ግብር የለበትም። ለዌንዲ ግን የሚነግሯት እርስዎ ነዎት። ለእሱ የሚሆን ወረቀት የለንም።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀዩ የፖስታ መኪና መጣ። ሰውየው ሣጥኑን ከፈተ፣ ደብዳቤዎቹን ወደ ከረጢቱ ገለበጠ፣ ኔቪል ፖስታ ይዞ ስላየውም ይላክልህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ኔቪል ፖስታውን ተመለከተው። ከዚያ ዛሬ የለም ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው፤ መኪናውም ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ ዌንዲ ጓሮ ውስጥ የጠወለገ የአበባ ግንድ ትቆርጥ ነበር። ቂጣ ለመግዛት ሁለት ሰዓት የወሰደበት ጋግሮት መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ተቀመጪ አላት።

«‹ተቀመጪ› ያልከኝ ድመታችን የሞተች ቀን ነው» አለች፤ መቁረጫውን ግን አስቀመጠች።

ነገራት። ብዙ ቃል አልነበረውም፤ በሻዚያ ፊት የተናገራቸውን ቃላት ራሳቸውን ደገማቸው። ዌንዲ ጓንቷን ሳታወልቅ ሰማችው። ሲጨርስ መቼ እንዳወቀ ጠየቀችው፤ በመስከረም መጀመሪያ ነው አላት።

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ስንጨፍር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ኔቪል ሐሳቡን ሁሉ ዘረገፈው። ገንዘቡን ሁሉ ሊያወጣ እንደነበር፣ አንድ ፓውንድ ሳይነካ አሽጎ ሊሰጣት እንደነበር፣ አባቱ ለእናቱ እንዳደረገው። ይህን ሲናገር ትወደዋለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ዌንዲ ግን አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አይቶት በማያውቀው ፊት ተመለከተችው።

«ገንዘቡን ሳትከፍት ልታመጣልኝ ነበር» አለችው። «ስድስቱን ሳምንት ግን ከፍተህ ብቻህን በላኸው። እሱ የማን ነበር፣ ኔቪል? የኔም አልነበረም?»

ኔቪል ብሉር ብዙ ዓይነት ስድብ በፋብሪካ ሰምቷል፤ እንደዚህ ያለ ነገር ግን ማንም ብሎት አያውቅም። በሰፈሩ ልማድ ወንድ ሊባል የሚችለውን የመጨረሻውን ክፉ ነገር ነው ያለችው፤ እውነትም ነበር። ተንበርክኮ የጭቃ ጓንቷን ከእጇ አወለቀላትና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይታው እንደማታውቅ ሆኖ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ ተቆጥታም ነበርና በመካከሉ ትከሻውን በጡጫ ትመታው ነበር።

ሰኞ ሥራ አልገባም። አብረው ወደ ሻዚያ ቢሮ ሄዱ። ወረቀቱ ላይ የግሌኒስን ስም የሚተካ የዌንዲ ስም ተጻፈ፤ ኑዛዜው ተጻፈ፤ ፍቺውም ተጀመረ። ከጡረታው ሩቡን ብቻ አወጡ። በዚያ ገንዘብ ኔቪል ገናን ሳይጠብቅ ሥራ አቆመ፤ ዌንዲም ከወጥ ቤቱ የሦስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደች። ዌልስ ባለችው በአንግልሲ ደሴት ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ቤት ተከራይተው ከረሙ። ኔቪል እዚያ ስለ አባቱ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ አንዳንዴም ስለ ምንም ነገር ያወራት ነበር። ማውራት የጀመረው ሲዘገይ ነው፤ ከጀመረ በኋላ ግን አላቆመም።

ሐኪሙ ያለው ሁለተኛው ገና አልደረሰም። በግንቦት ወር፣ ዌንዲ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ አረፈ። የፍቺው ነገር ገና አላለቀም ነበርና ሊያገባት አልታደለም።

ወረቀቱ ግን ሥራውን ሠራ። ኩባንያው ዌንዲን ሚስት ነሽ ወይስ አይደለሽም ብሎ አልጠየቃትም፤ ስሟን አየ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላም የቀረውን አርባ ስምንት ሺህ ያለ አንዳች ግብር በስሟ አስገባላት። የቤት ኪራይዋን ከፍላ በቤቷ ትኖራለች፤ ሽማግሌ ስትሆን የሰው እጅ አታይም። ያ ቅዳሜ ፖስታው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሥራ አምስቱ ሺህ ለግብር ሄዶ፣ የቀረው የማን እንደሚሆን ሕግ ይፈርድበት ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኔቪል ያን ክረምት በምድጃው ፊት ጋሪ ሲገፋ ይጨርሰው ነበር፤ ዌንዲም እንደ ሻዚያ እናት ነገሩን ከባዕድ አፍ ትሰማው ነበር።

በመስከረም የፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ሻዚያን በምሳ ሰዓት መጥታ ስለ ጡረታ እንድትናገር ጋበዛት። ዌንዲ አብራት ሄደች። በምግብ አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች ሳንድዊቻቸውን እየበሉ ሰሙ፤ መስማት ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ግማሹ ያሾፍ ነበር። አንዱ ጡረታዬ ሎተሪ ነው አለ። ሌላው ገንዘቡን አውጥቶ ተጎታች ቤት መግዛት እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ሚስቱ ታውቃለች ወይ ሲባል የተጎታች ቤት ጥቅሙ እሷ አለማወቋ ነው ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ከሁሉ በላይ የሚቀልደው ሃያ ዓመት ከኔቪል ጋር ጋሪ የገፋው ሮይስተን ማቺን ነበር።

ሻዚያ ንግግሯን ጨርሳ ስትቀመጥ ዌንዲ ሳትጠራ ተነሳች።

«እኔ መናገር አልችልም» አለች። «የማውቀው ድንች መላጥ ነው። ግን ይህችን ልጅ ስሟት። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሂዱና ጠይቋት፤ አንድ ሳንቲም አታስከፍላችሁም። ማውጣት ክፉ አይደለም፤ እኛም ሩቡን አውጥተን ከኔቪል ጋር በሰላም ከርመንበታል። ክፉው ሁሉንም፣ በችኮላ፣ በድብቅ ማውጣት ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ ያን የስም ወረቀት ፈልጉ። የማን ስም እንዳለበት እዩ። እኔ የምወደው ሰው ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሴት ስም ተሸክሞ አያውቀውም ነበር።»

ሮይስተን ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ እንደ ወትሮው ባልሆነ ድምፅ፣ ገንዘቡ ሙሉው ደርሷት እንደሆነ ጠየቃት።

«ገንዘቡስ ሙሉው ደርሶኛል፣ ሮይስተን» አለችው። «የሚጎድለኝ ሕመሙን የደበቀኝ ስድስት ሳምንት ነው። እሱን የሚመልስልኝ ቢሮ አላገኘሁም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ሠራተኞቹ እየተነሱ ሻዚያ ጠረጴዛ ላይ ከደረደረችው ወረቀት አንድ አንድ ወሰዱ፤ ባለ ተጎታች ቤቱም ሁለት ወሰደ። ሮይስተን ግን ወደ ጠረጴዛው አልሄደም። ያልጨረሰውን ምሳውን እዚያው ትቶ ወደ ግቢው ወጣ። በመስኮቱ እንደታየው ስልኩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ በእጁ ይዞት ቆመ፤ ከዚያም ወደ ሚስቱ ደወለ።